ፍሪዘሩ ሲቀልጥ ምን ይተርፋል?

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰፈራችን ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" እያልኩ ፍሪዘሩን ሳልከፍት አሳለፍኩት። በማግስቱ ጠዋት ከሥሩ ውኃ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ በስልክ ምክር ሰጥታ የምትቀር ሴት አይደለችም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነጠላዋን አገልድማ ኩሽናዬ መሐል ቆማለች።

"ነይ ይሄን ዶሮ አውጪና ድስት ጣጂ፤ ዛሬ ካልተሠራ የውሻ ነው" አለችኝ። የተፈጨው ሥጋ ተከተለ። ዓሣውን አሽትታ ያለ ምንም ውይይት ወደ ቆሻሻ ላከችው። በርበሬውንና ቋንጣውን ግን ዞር ብላ እንኳን አላየቻቸውም። ከሁሉም ሥር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በፌስታል የታሰረ ቆጮ ነበር። "ይሄስ እማዬ?" ስላት ሳቀችብኝ። "ጉድጓድ ውስጥ ስንትና ስንት ወር የሚቆይ ነገር ሁለት ቀን መብራት ጠፋ ብሎ ይበላሻል? ድሮስ ማን ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው አለሽ?"

ፍሪዘሩ አንድ ነው፤ ሁሉም ነገር የቀለጠውም በአንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ዕጣ የወሰነው ግን ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ ነበር። ያን ቀን ዶሮ እየገነጠልኩ ሳስብ የነበረው ስለ ወጡ አልነበረም። ሐሳቤ ከስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ስቶርዳለን ከሚባል ረግረግ ላይ ነበር።

እንዴት እዚያ ደረስኩ? በሥራዬ በኩል ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ከአንድ ወር በፊት አንድ ደንበኛችን ለአዲሱ ማሸጊያው አረንጓዴ ቅጠል እንድንሥልለትና ከሥሩ "ዕፅዋት ካርቦንን ያከማቻሉ" የሚል መስመር እንድናስገባ ጠየቀን። ሥዕሉ ያምራል፣ መስመሩም አጭር ነው። ከማጽደቄ በፊት እውነት መሆኑን ላጣራ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር አሥር ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል በሕይወት ሳለ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ይህንን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ማሸጊያ ላይ የማይሣለው የቅጠሉ ሁለተኛ ሕይወት ነው። ከረገፈ በኋላ ምን ይሆናል? ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ሲበሉትም የያዘው ካርቦን ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ቅጠል በሳምንታት ያልቃል፤ አንዳንዱ ሺህ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ "ያከማቻሉ" የሚለው ቃል እውነት የሚሆነውም የማይሆነውም በርጋፊው ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ከባድ ክብደት ያለው የሰሜኑ በረዶማ ረግረግ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ፍሪዘሩ መቅለጥ ጀምሯል።

ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሳይቀልጥ የኖረ መሬት ፐርማፍሮስት ይባላል። ሁለት ዓመት መስፈርቱ ነው እንጂ፣ በሳይቤሪያ፣ በአላስካ፣ በካናዳና በስካንዲኔቪያ ሰሜን ያለው አብዛኛው በመቶዎችና በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በረዶ ሆኖ የኖረ ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን አለ፤ አየር ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባል ድርሻ በትንሽ ቦታ አጭቆ የያዘው ፒት ይባላል። ዕፅዋት ሞተው ውኃ በጠገበ መሬት ላይ ሲወድቁ በደንብ አይበሰብሱም፤ የዘንድሮው በአምናው ላይ እየተነባበረ ቡናማ፣ ስፖንጅ የመሰለ ቁልል ይሠራል። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢያድግ ነው። አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ይፈልጋል እንደማለት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያለው የፒት መሬት ወደ 3.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን የሚሆነው ፐርማፍሮስት ያለበት ነው። የአገራችንን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል።

ስቶርዳለን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነጥብ የምታህል ቦታ ናት። ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ አቢስኮ ከምትባለው ትንሽ ከተማ በስተ ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አቢስኮ ላይ ባለው የሳይንስ ምርምር ጣቢያ ከ1913 ጀምሮ የአየሩ ሙቀት ሲመዘገብ ኖሯል (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ለረጅም ጊዜ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ነበር፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት ግን ዜሮን ተሻግሯል። ለበረዶ ደግሞ ከዜሮ ትንሽ በታችና ከዜሮ ትንሽ በላይ መሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ተመራማሪዎች ይህችን ቦታ የሚወዱበት ምክንያት አለ። ረግረጉን ላለመርገጥ በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ጥቂት እንደተራመዱ ያልቀለጠውን፣ በመቅለጥ ላይ ያለውንና ሙሉ በሙሉ የቀለጠውን መሬት ጎን ለጎን ያገኙታል። የመጀመሪያው ፓልሳ ይባላል፤ ከሥሩ ያለው የበረዶ እምብርት ወደ ላይ ገፍቶ ያቆመው ደረቅ ጉብታ ነው። በላዩ ላይ ከጉልበት የማይበልጡ ቁጥቋጦዎች፣ ጥቁር ፍሬ የሚያፈሩ ሐረጎችና እንደ ድንጋይ ሽበት ያሉ ነገሮች ይበቅሉበታል። በረዶው ሲቀልጥ ጉብታው ይሰምጣል። በከፊል የቀለጠው ቦታ ውኃ ያቁርና ስፋግነም የሚባለው ሞስ ይወርሰዋል፤ ሞስ ስል እርጥብ ግድግዳና የዛፍ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን አረንጓዴ ነገር ማለቴ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ደግሞ ከመሬት ሥር የሚመጣ ውኃ ይገባና ረጃጅም፣ ለምለም የቄጤማ ዘመዶች ይነግሡበታል።

ቄጤማ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እዚያ የሚበቅሉት ዕፅዋት ለበዓልና ለቡና ቤታችን ውስጥ ከምንጎዘጉዘው ቄጤማ ጋር በእርግጥም አንድ ቤተሰብ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሞሱ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ውስጥ በጣም የገረመኝ እሱ ነው። ስፋግነም ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ ውኃ መያዝ ይችላል። በዙሪያው ያለውን ውኃ አሲድ ያደርገዋል፤ ኮምጣጣነቱ ከቲማቲም ጋር የሚቀራረብ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ጥቂት ነው፤ በአንጻሩ ተሕዋስያን የማይወዷቸው ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሞልተውበታል። ውኃ ባለበት ኦክስጅን አይገባም፤ ኦክስጅን በሌለበት ደግሞ ፌኖሉን የሚሰባብረው ኢንዛይም አይሠራም፤ ፌኖሉ ሳይሰባበር ሲቀር ሌሎቹን አብሳባሾችም ያስራቸዋል። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ፍሪማንና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ነገር መቀርቀሪያ ብለው ሰየሙት። አንዲት ኢንዛይም ሥራ ስትፈታ በሩ ሁሉ ይቆለፋል።

እናቴ ስለ ቆጮው የሳቀችብኝ በዚሁ ምክንያት ነው። እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ አየር እንዳይገባው ጉድጓድ ውስጥ ተጨቁኖ ሲኮመጥጥ የሚያቆየው ቅዝቃዜ አይደለም፤ አሲዱና የአየር እጥረቱ ነው። የሞስ ረግረግ በተፈጥሮ የተቆፈረ የቆጮ ጉድጓድ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ምን ያህል እንደሚያቆይ ማየት ለሚፈልግ ዴንማርክ ውስጥ ምስክር አለ። በ1950 ሲልከቦርግ አቅራቢያ ፒት ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች የአንድ ወንድ ሬሳ አገኙና የቅርብ ጊዜ ግድያ መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ሰውየው ከሞተ 2,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የአገጩ ሪዝ ይታያል፤ የመጨረሻ ምግቡ የገብስ ገንፎ እንደነበረ እንኳን ከሆዱ ታውቋል። ቶሉንድ ሰው ይሉታል። እዚያ ቦታ ፐርማፍሮስት የለም፤ ሬሳውን ያቆየው ሞሱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ጥጥ ሲያጥር ይኸው ሞስ እየደረቀ የወታደሮች ቁስል ማሰሪያ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ይህን ስታነቡ "በረዶው ቢቀልጥም ሞሱ ካለ ችግር የለም" ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ለሁለት ቀን ያህል እንዲያ ብዬ ተደስቼ ነበር። ከዚያ ወደ ቄጤማው ክፍል ደረስኩ።

ለበዓል የጎዘጎዛችሁትን ቄጤማ አስታውሱ። ጠዋት ቤቱን ያሸተዋል፣ ማታ ጠውልጎ ይቆስላል፣ በሦስተኛው ቀን ጠርጋችሁ ታወጡታላችሁ። የስቶርዳለኑም ዘመዱ ጠባዩ ያው ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ በየዓመቱ ብዙ ቅጠል ይጥላል፣ የሚጥለውም ለተሕዋስያን ለስላሳ ምግብ ነው። የገባበት ውኃም እንደ ሞሱ ውኃ ኮምጣጣ አይደለም። ኦክስጅን ግን አሁንም የለም። ምግብ ሞልቶ ኦክስጅን ሲጠፋ የሚሠለጥኑት ሜቴን የሚያመርቱ ተሕዋስያን ናቸው፤ በላም ሆድ ውስጥም፣ በገጠር ቤቶች ጓሮ ባለው የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥም ያሉት ዘመዶቻቸው ናቸው። በ2014 ከዚሁ ረግረግ አንድ አዲስ ዓይነት ተገኝቶ በቦታዋ ስም "ሜታኖፍሎረንስ ስቶርዳለንሚረንሲስ" ተባለ። (እንዲህ ያለ ስም ለምርት ቢቀርብልኝ በዚያው ቀን ነበር የምመልሰው።)

ሜቴን ቀላል ጋዝ አይደለም። ክብደት በክብደት ሲተያይ፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል።

ቄጤማው ሌላም ጣጣ አለው። ባሕር ዳር የሄደ ሰው የደንገል ታንኳ አይቷል። ደንገልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ታንኳው የማይሰምጠው ግንዱ ውስጡ አየር ስላለው ነው። እነዚህ ዕፅዋት ሥራቸው ጭቃ ውስጥ ስለሆነ በግንዳቸው ውስጥ ባለው ክፍተት አየር ወደ ታች ያወርዳሉ። መንገዱ ግን ለመውረድ ብቻ አይደለም። ከታች የተመረተው ሜቴን በዚያው ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ በጭቃው በኩል ቢወጣ ኖሮ በመንገድ ላይ ሜቴን የሚበሉ ሌሎች ተሕዋስያን ይቀንሱት ነበር። ስለዚህ ቄጤማው ምግቡንም ያቀርባል፣ ጭስ ማውጫውንም ይሠራል።

እዚህ ላይ የቢዝነስ ትምህርቴ ይቀሰቀሳል፤ ሒሳቡን እንይ። ተመራማሪዎች ወደ 17 ሄክታር የሚሆነውን የስቶርዳለን ረግረግ በ1970 እና በ2000 ከአየር ላይ የተነሱ ፎቶዎችን አስተያዩ። በ30 ዓመት ውስጥ ደረቁ ጉብታ ከ11 በመቶ በላይ አንሶ እርጥብ ቦታ በሚወዱ ዕፅዋት ተተክቷል። በዕድገት ወራት ረግረጉ ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ16 በመቶ ገደማ ጨመረ። ገቢ ጨመረ ማለት ነው፤ ማሸጊያ ላይ የሚወጣው ይህ ቁጥር ነው። የሚያወጣው ሜቴን ደግሞ በ22 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ወደ አንድ ሚዛን ተቀይረው ሲደመሩ፣ በ100 ዓመት ስሌት የረግረጉ የማሞቅ ኃይል በ2000 ከ1970ው 47 በመቶ በልጦ ተገኘ።

በስቶርዳለን ተሠርቶ በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ርጋፊውን ራሱን ተከታተለ። ከመቅለጡ በኋላ ዕፅዋቱ በእርግጥ ይበልጥ ያድጋሉ። ያደጉት ግን ቆመው አይቀሩም፤ ተጨማሪው ዕድገት በአብዛኛው ርጋፊ ሆኖ ወደ አፈር ይገባል። ርጋፊውም ተሕዋስያን ሲበሉት የበለጠ ጉልበት የሚሰጥ፣ ቶሎ የሚበሰብስ ዓይነት ሆኗል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ የቅጠልን አበሳበስ ለመገመት የሚያገለግለው የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ብዙም አልተለወጠም ነበር። በአሮጌው መለኪያ ብቻ ያየ ሰው "ያው ቅጠል ነው" ብሎ ያልፍ ነበር።

በእኛ ሙያ ቶሎ የሚዞር ዕቃ የሚባል አለ፤ ለስላሳ፣ ሳሙና፣ ብስኩት። መኪና በየቀኑ ያራግፋል፣ መኪና በየቀኑ ይጭናል። በበሩ ቆሞ የሚገባውን ብቻ የሚቆጥር ሰው መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል ብሎ ይምላል። የቀለጠው ረግረግ እንደዚያ ነው። ጥናቱ እንደሚለው ዛሬም ቢሆን ከሚያወጣው ካርቦን የሚያስገባው ይበልጣል፤ ትርፉ ግን ቀጭን ነው፣ በሚረግፈው ቅጠል መጠንና ዓይነትም በቀላሉ የሚናጋ ነው። ከሚወጣው ውስጥ ደግሞ ሜቴን ስላለበት፣ በካርቦን ትርፋማ ሆኖ በሙቀት ግን ከሳሪ ነው። አንድ ድርጅት ሁለት የሒሳብ መዝገብ ቢኖረው የትኛውን ለባለ አክሲዮን እንደሚያሳይ ታውቃላችሁ።

ሳልጠቅሰው ባልፍ ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። አዲሱ ርጋፊ ከሥሩ ያለውን የሺህ ዓመት ፒት ምን ያደርገዋል? እርጥብ ግንድ በክብሪት አይያያዝም፤ ጭራሮ ሲጨመርበት ግን ይያያዛል። ትኩስ ርጋፊም እንደ ጭራሮ ሆኖ ተሕዋስያኑን ሊያነቃና አሮጌውን እንዲበሉ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ይህ በአንዳንድ ሙከራዎች ታይቷል። በሌሎች ግን ተቃራኒው ሆነ፤ ቀላል ምግብ ሲቀርብላቸው አሮጌውን ከነጭራሹ ተዉት። የእኔ ቤት ልጆችም ፓስታ ባለበት ቀን እንጀራ አይነኩም። በየትኛው ረግረግ የትኛው እንደሚሆን ገና የሚፈተሽ ጉዳይ ነው። በኔ እምነት ግን በጭራሮው በኩል ተሳስቶ ከመቃጠል ጠንቅቆ መፍራት ይሻላል፤ ያ ፒት አንዴ ከወጣ የሚተካው በሚሊ ሜትር ነውና።

ታዲያ "አየሩ ነው የሚወስነው፣ ቅጠሉ ምን ያመጣል?" የሚል አንባቢ ካለ፣ በ2008 የወጣ ሰፊ ጥናት መልስ አለው። ከስድስት አህጉራት የተሰበሰቡ ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ 818 የዕፅዋት ዝርያዎችን አስተያየ። በአንድ ዓይነት የአየር ንብረት ውስጥ፣ በዝርያ ልዩነት ብቻ የአበሳበስ ፍጥነት ከ18 እጥፍ በላይ ይለያያል። የእናቴ የፍሪዘር ሕግ በዓለም ደረጃ ይሠራል ማለት ነው።

ለደንበኛችን ይህን ሁሉ አሳጥሬ ጻፍኩለት። "ዕፅዋት ካርቦንን ያከማቻሉ" የሚለው ወጣ። ቅጠሉ ቀረ፤ ያምራል ብሏል። ግማሽ ድል ነው፤ ወስጄዋለሁ።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ሊሠራ የሚችለውን ልንገራችሁ፤ እኛ ጀምረነዋል። በ2013 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የአፈርን አበሳበስ በየአገሩ በአንድ መንገድ ለመለካት ቀላል ዘዴ አወጡ፤ መሣሪያቸው የሻይ ከረጢት ነው። አንድ አረንጓዴ ሻይ፣ አንድ ሩይቦስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቀይ ሻይ፣ ሁለቱም በናይለን ከረጢት። ይመዘናሉ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራሉ፣ ከ90 ቀን ገደማ በኋላ ወጥተው ደርቀው እንደገና ይመዘናሉ። አረንጓዴው ቄጤማውን ይመስላል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ሩይቦሱ እንጨታማ ስለሆነ ይቆያል። ከሁለቱ ልዩነት አፈሩ ምን ያህል በልቶ ምን ያህል እንደሚያስቀር ይሰላል።

የእህቴ ልጅ ናቲ ስምንት ዓመቱ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ በረንዳዬ ላይ በአበባ ማሰሮ አንድ ጥንድ ቀበርን። ሁለተኛውን ጥንድ አፈር ሞልተን እስከ አፉ ውኃ ባፈሰስንበት ባልዲ ውስጥ ቀበርነው፤ የእኛ ረግረግ መሆኑ ነው። በየእሑዱ እየመጣ ውኃውን ይሞላል። ነሐሴ ላይ ባልዲው እንደ ግም እንቁላል መሽተት ሲጀምር ናቲ በኩራት ጓደኛውን አምጥቶ አሸተተው።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ የማሰሮውን አወጣን። አረንጓዴው ሻይ ጠፍጥፎ ከረጢቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሩይቦሱ ታጥቦ ቢሰጣችሁ ልታፈሉት ትችላላችሁ። ናቲ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጊዜ አያቸው። "ሁለቱም ሻይ አይደሉ እንዴ?" አለ። ባልዲውን ልናወጣ ወደ በረንዳው ስንመለስ ግን ባልዲ የለም። እናቴ ለበዓል ቤት ልታሰናዳልኝ በጠዋት መጥታ ነበር።

"ያንን ግም ጭቃ ነው? ደፍቼ ባልዲውን አጠብኩታ! እንግዳ እየመጣ!" አለች።

ናቲ እስከ ምሳ ድረስ አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን ግን፣ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ስጠርግ መጥቶ ከመጥረጊያው ሥር አንድ እፍኝ ወሰደ። ከአሮጌ ስቶኪንጌ ላይ ቆርጠን ሁለት ከረጢት ሰፋን፤ አንደኛው ውስጥ ቄጤማውን፣ ሁለተኛው ውስጥ ከውኃ ታንከሩ ሥር ካለው እርጥብ ግድግዳ የፋቀውን ሞስ አደረገ። በአያቱ የሽሮ ሚዛን መዝኖ፣ ክብደቱን በደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ባልዲው ውስጥ ቀበራቸው። ክዳን እንዲኖረው የጠየቀችው እናቴ ናት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እናወጣቸዋለን።